በጥይት ነጋዴው ካላንደር ላይ የመስከረም ሰው

ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ወሎ ሰፈር በሚገኘው የማስታወቂያ ድርጅታችን የስብሰባ ክፍል ውስጥ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ሦስት ሰፋፊ ገጾች ተዘርግተዋል። የመጪው ዓመት የግድግዳ ካላንደር የመጨረሻ ናሙና ነው፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ገጽ፣ ጳጉሜን ጨምሮ። ያሠራው ደንበኛ የጥይት ነጋዴ ነው።

ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እንዲህ በግልጽ ለመጻፍ በመብቃቴ ደስ ይለኛል። ክረምቱን ሙሉ ዋናው ሥራዬ «ጥይት» የሚለው ቃል በካላንደሩ ላይ አንድም ቦታ እንዳይገባ መጠበቅ ነበርና። ደንበኛው ለጥበቃ ድርጅቶችና የአደን ፈቃድ ላላቸው ሰዎች የሚያቀርበውን ሸቀጥ «ቀለብ» ብለን እንድንጠራው ገና በመጀመሪያው ስብሰባ አሳስቦናል። ባለመሣሪያው ደግሞ ለመሣሪያው የሚሆነውን ቀለብ ከማን እንደሚገዛ በጥንቃቄ የሚመርጥ «አስተዋይ አባወራ» ሆኖ መታየት አለበት። ስለዚህ በሥነ ጽሑፍ ሁለት ዲግሪ ይዤ፣ ለዓመታት ዩኒቨርሲቲ አስተምሬ፣ ጠመንጃውን እንደ በቅሎ የሚቀልብ አባወራ የሚወደስባቸውን መፈክሮች ሳቃና ከረምኩ።

በድርጅቱ ውስጥ የመጨረሻዋ አርታኢ እኔ ነኝ። ማንኛውም ሥራ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው በናሙናው ጥግ «ይታተም» ብዬ ስፈርምበት ነው። ይህን ሥርዓት ያወጣው የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ሲሆን፣ እሱም በአንድ ወቅት ተማሪዬ ነበር። እስከ ዛሬ «ቲቸር» ይለኛል። አክብሮት ይሁን ልማድ ለይቼ አላውቅም።

ደንበኛው ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ልብሱ ንጹሕ ሰው ነው። ሁለት ስልኮቹንና የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ደርድሮ ካልተቀመጠ ንግግር አይጀምርም። ሰኔ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ የሥራውን ዓላማ የገለጸልን እንዲህ ብሎ ነበር፦

«ሰዉ ባለመሣሪያ ሲያይ የሚታየው ሽፍታ ነው። ካልሆነም ሰካራም። ይሄ ኢሜጅ ገበያችንን ገድሎታል። ባለመሣሪያ ማለት ጨዋ፣ ቤተሰቡን የሚመራ፣ ሽማግሌ የሚያከብር ሰው መሆኑን ማሳየት አለብን። ሰዉ አንዴ ካከበረው ቀለቡን እንደሚገዛ አትጠራጠሩ።»

ሰዉ ባለመሣሪያን ሲያይ የሚታየው ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ከመሥሪያ ቤታችን ወጥቶ በቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ካፌዎች ባንዱ መቀመጥ ይበቃል። ሽጉጥ የታጠቀ ሰው በረንዳው ላይ ሲቀመጥ ወንበሩን ወደ መንገዱ ያዞራል። ኮቱን ከወገቡ ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋል። አስተናጋጇን ለመጥራት ሌላው ሰው ጣቱን በሚያነሳበት ጊዜ እሱ ክንዱን እስከ ትከሻው ያነሳል፤ ምክንያቱም ክንዱ ካልተነሳ ኮቱ አይከፈትም። በፍልሰታ ጾም የጾም ኬክ በሹካ እየቆረሰ፣ በሌላ እጁ ማንም ያልነካበትን ሽጉጥ በየደቂቃው የሚዳስስ ሰው አይቻለሁ። ከኬኩና ከሽጉጡ የትኛውን የበለጠ እንደሚወድ ለማወቅ አልቻልኩም። ደንበኛችን የዚህን ሰው ገጽታ እንድናስከብርለት ነበር የቀጠረን።

ሥራው ተከፋፈለ። መፈክሮቹን ደንበኛው ራሱ አመጣ፤ እኔ አቃናሁ። የመስከረሙ «ጨዋ ባለመሣሪያ የአገር ሞገስ ነው» ይላል። የጥቅምቱ ደግሞ «አባትዎ ያወረሱዎትን በክብር ይቀልቡ» ይላል። ሌሎቹን አልደግማቸውም። ፎቶግራፎቹን የሚያነሳውና ገጾቹን የሚያቀናብረው የድርጅቱ ፎቶግራፈር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ፈጣን፣ በሥራው የተካነ፣ ከሥራው ውጭ ስላለ ስለማንኛውም ነገር ያልተጨነቀ ሰው። ጠመንጃውንና የጥይት ቀበቶውን፣ ማለትም ዝናሩን፣ ያመጣው ለሙሽሮች የባህል ልብስ ከሚያከራይ የሰርግ ፎቶ ቤት ነው። ጠመንጃው ከተበላሸ ቆይቷል። ዝናሩ ላይ የተሰካው ባዶ ቀለህ ነው። በዚህ ከተማ ያገቡ ስንትና ስንት ሙሽሮች ያንኑ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አድርገው ጀግና መስለው እንደተነሱ አላውቅም፤ በምኖርበትም ፎቅ ላይ አንድ ጎረቤቴ ሳሎኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶግራፉን በወርቃማ ፍሬም ሰቅሏል። ሰውየው አያት ሰፈር ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይሸጣል።

እኔ እስከዚያ ረቡዕ ጠዋት ድረስ ጽሑፉን የማነበው ፎቶግራፍ በሌለበት ባዶ ገጽ ላይ ነበር። ምስሎቹን ያየኋቸው ያን ቀን ነው። አብዛኞቹ የጠበቅኳቸው ናቸው፤ ቀጫጭን ተዋንያን ጋቢ ለብሰው፣ ጠመንጃ ተደግፈው፣ አድማስ አድማሱን ያያሉ። የመስከረሙን ገጽ ሳይ ግን ቆምኩ።

በገጹ ላይ ያለው የግቢያችን ዘበኛ ነው።

ጠመንጃው በትከሻው፣ ዝናሩ በወገቡ፣ ፊቱ በመጠኑ ወደ ብርሃኑ የዞረ። ትንሽ ፈገግ ሊል የነበረና የተወው ይመስላል። ፎቶግራፉ ጥሩ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ከሌሎቹ ሁሉ መካከል መሣሪያ ይዞ የሚያውቅ የሚመስል አንድ ሰው እሱ ብቻ ነው።

«ይሄን ሰውዬ ከየት አገኛችሁት?» አለ ደንበኛው፣ በሁለት እጁ ገጹን አንስቶ። «ይሄ ነው! የምላችሁ ይሄ ነው እኮ!»

«ለብርሃን ሙከራ ነበር» አለ ፎቶግራፈሩ እየሳቀ። «ሞዴሉ አርፍዶብኝ፣ አባባን ከበር ላይ ጠርቼ ‘እዚህ ጋ ለአንድ ደቂቃ ቁሙልኝ’ አልኳቸው። ከዚያ ሞዴሉ መጣ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አነሳሁት። ቤት ገብቼ ሳይ የአባባ ሙከራ ሁሉንም በላቸው። ምን ላድርግ?»

ደንበኛው በዚያው ተነስቶ ለፊርማ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ እንደሚመለስ ተናግሮ ሄደ። ማተሚያ ቤቱ ለማግስቱ ጠዋት ተራ ይዞልናል፤ ካላንደር የሚሠራ ሁሉ በነሐሴ ስለሚጣደፍ ያ ተራ ካለፈ መስከረም ሳይገባ መድረስ አይቻልም።

ዘበኛችን የወሎ ሰው ነው። በዚህ ግቢ ከእኔ በፊት የነበረ፣ ከባለቤቱም በፊት ከሕንጻው ጋር የተረከብነው ነው ማለት ይቻላል። በዱላና በፊሽካ ይጠብቀናል። ከሁለት ዓመት በፊት በሰፈሩ ሌብነት በዝቶ ሥራ አስኪያጁ መሣሪያ ሊያስፈቅድለት ሲነሳ፣ «ዱላዬ ይበቃኛል» ብሎ መለሰው። ዕድሜው ነው ብለን ተውነው። ማናችንም ሁለተኛ አላሰብንበትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ግቢው ወረድኩ። ከዘበኛ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ይጠይቁኝ ጋሼ።»

«ያ ፎቶ የሚያነሳው ልጅ በስልኩ አሳየኝ። እኔን፣ ጠመንጃ ይዤ። ‘አባባ ስታር ሆኑ’ አለኝ። ካላንደር ላይ ነው አለ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ካላንደሩ ወዴት ወዴት ነው የሚሄደው?»

ደንበኛው የሚያከፋፍልባቸውን ከተሞች ነገርኩት። ደሴን፣ ኮምቦልቻን ስል አቋረጠኝ።

«ወልድያስ?»

«ወልድያም።»

በፊቴ ተቀምጦ የማያውቀው ሰውዬ፣ ከደጃፉ ባለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከዚያ ቀደም ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ጃንጥላዬን አጥፌ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«እኔ ደም አለብኝ እኮ እትዬ» አለ። «ወጣት ሆኜ ነው። በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተን ነፍስ አጠፋሁ። ታሰርኩ። ጨርሼ ስወጣ አባጋሮች ገብተው አስታረቁን።»

አባጋር የሚባሉት በእነሱ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቃላቸውን የሚያከብርላቸው፣ በገዳይና በሟች ወገን መካከል ገብተው ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ስለ እነሱ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንብቤ ነበር። አስታርቀውት የወጣ ሰው ግን በየቀኑ በር እየከፈተልኝ እንደነበረ አላወቅሁም።

«ካሳው ተከፈለ። አንድ ገበታ ላይ በላን» ሲል ቀጠለ። «የሟች እናት ግን አንድ ነገር ለመነች። ‘ልጄን የገደለ እጅ ጠመንጃ ይዞ ዳግመኛ በዓይናችን አንየው’ አለች። ሌላ ምንም አልፈለገች። ማልኩላት። እሷ አሁን የለችም፤ ልጆቿ አሉ። መሐላው ለነሱም ነው። ካፈረስኩት እርቁ የለም ማለት ነው።»

«እርስዎ እዚህ ነዎት ግን...»

«እኔማ እዚህ ነኝ፤ ማን ያገኘኛል? ወንድሜ እዚያው ነው። የነሱ ማሳና የኛ ማሳ ድንበር ለድንበር ነው። ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት፤ ትንሹ ከብት ይዞ በነሱ ደጅ ነው የሚያልፈው። እኔን ሲያጡ ማንን ይፈልጋሉ?»

መጠየቅ የማልፈልገውን ጠየቅሁት። «ታዲያ ለምን ያዙት ጋሼ?»

መሬት መሬቱን አየ። «ለአንድ ደቂቃ ነው አለኝ። እዚህ ቦሌ ማን ያየኛል ብዬ ነዋ። እንደማይሠራ ደግሞ ገና ሳነሳው አወቅሁት። የሰርግ ዕቃ ነው ብዬ ሳቅሁበት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደስም አለኝ እትዬ። ምን ልዋሽዎት። ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ደስ አለኝ።»

ካላንደር ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ የሚያውቅ የዚህን ሰው ፍርሃት ትልቅነት ይረዳል። ጋዜጣ ዕለቱን ይጣላል። ካላንደር ግን በየሻይ ቤቱ፣ በየወፍጮ ቤቱ፣ በየሱቁ ዓመት ሙሉ ይሰቀላል። ዓመቱ ካለቀ በኋላም ሥዕል ያለበት ገጽ ተገንጥሎ የጭቃ ግድግዳ ይለበጥበታል። የመስከረም ሰው ከመስከረም ጋር አይሄድም።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ወጥቼ ሁሉንም ነገርኩት። አዳመጠኝ። ከዚያም ተማሪ ሳለ የቤት ሥራውን ሳይሠራ ሲመጣ ያደርግ እንደነበረው አንገቱን አከከ።

«ቲቸር፣ ሥራውን የሸጠልን ያ ፎቶ እኮ ነው። ደንበኛው ሲያየው አላዩም?»

«አይቻለሁ። ፈቃዱን ማን ጠየቀው?»

«የኛው ሠራተኛ አይደሉም እንዴ?»

«ለዘበኛነት ነው የቀጠርከው። ፊቱን አልቀጠርክም።»

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያስቸገረኝም ይህ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ለምን እንደሚያደርገው ያውቅ ነበር። እሱ የሚያውቀው የማተሚያ ቤቱን ተራ ነው። ፎቶግራፈሩን ጠራና መላ እንዲፈልግ አዘዘው። ፎቶግራፈሩም አልተቸገረም።

«ሰውነቱን እንተወውና ፊቱን በኮምፒዩተር እንቀይረዋለን። ኢዚ ነው ቲቸር። ደንበኛውም ልብ አይለውም።»

ደንበኛው አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ስልኮቹንና ቁልፉን ደረደረ። የመስከረሙን ገጽ አነሳ። በጋቢው ውስጥ፣ በዝናሩ ላይ፣ አሁን የሌላ ሽማግሌ ፊት ነበር። ቆዳው የተወለወለ፣ ጥርሱ የነጣ፣ በየትም አገር ያልተወለደ ሽማግሌ።

«ይሄ ማነው?» አለ።

ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

«ይሄማ የጥርስ ሐኪም ነው! የኔ ሰውዬ የት ሄደ?»

ሥራ አስኪያጁ ማብራራት ጀመረ። ነገሩን በለሰለሰ ቋንቋ ለማለፍ ሞከረ፤ «የቤተሰብ ጉዳይ»፣ «የቆየ አለመግባባት» አለ። ደንበኛው ግን ነጋዴ ነውና የተሸፈነ ዕቃ ሳይገልጥ አያልፍም። በጥያቄ በጥያቄ መጨረሻው ላይ ደረሰ።

«ገድለዋል?»

«ድሮ ነው... ታስረው፣ ታርቀው...»

የደንበኛው ፊት በራ። ሌላ ቃል አላገኝለትም፤ በራ።

«ይሄን ቀድማችሁ አትነግሩኝም? ዓይኑ ላይ አንድ ነገር አለ ብዬ ነበር እኮ! ሰው የገደለ ዓይን የት ይደበቃል? ኦሪጅናል ነው! ይሄን ሰውዬ ሽፋኑም ላይ ባደረግነው ነበር!»

ክረምቱን ሙሉ ስሰማው የነበረው «ጨዋ»፣ «አስተዋይ»፣ «አባወራ»፣ «የአገር ሞገስ» በዚያች ደቂቃ ከጠረጴዛው ላይ ተጠራርጎ ወደቀ። ሰውየው ሲሸጥ የነበረው ጨዋነትን እንዳልሆነ ድሮም እገምት ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ማመን የጀመረ ይመስለኝ ነበር። አላመነም ኖሯል። በጨዋ ባለመሣሪያ ካላንደር ላይ እንዲሰቀል የሚፈልገው የገዳይ ዓይን ነበር፤ ያውም መሣሪያውን ከጣለ ዘመናት ያለፈው ገዳይ።

«መሐላ አለባቸው» አለ ሥራ አስኪያጁ በደካማ ድምፅ። «ለሟች እናት የማሉት ነው፤ ጠመንጃ ይዘው ከታዩ አገር ቤት ያለው ወንድማቸው ነው የሚጎዳው።»

«ጠመንጃው አይሠራም፤ ዝናሩ ባዶ ነው። ምን መሐላ ይፈርሳል?»

«ወልድያ ላይ ገጹን ለሚያየው ሰው አይሠራም ብሎ የሚነግረው ማነው?» አልኩ።

«እህቴ፣ አንቺ ነገሩን አከበድሽው። መነጽር እናድርግለት፤ ጥቁር መነጽር።»

«ዓይናቸውን ፈልገው አልነበረም እንዴ?» አለ ፎቶግራፈሩ። ያልጠበቅኩት ደጋፊ ነበር፤ ለሙያው ብሎ ይመስለኛል።

በዚህ ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከዚያ በፊት በስብሰባ ላይ ለደንበኛ ሐሳብ አቅርቤ አላውቅም፤ ሥራዬ አይደለም።

«አንድ ሐሳብ አለኝ» አልኩ። «የእርስዎን ፎቶግራፍ እናድርግ።»

ሳቀ። «የኔን?»

«አዎን። ጨዋ ነዎት። አስተዋይ ነዎት። አባወራ ነዎት። ጠመንጃውና ዝናሩ ገና ወደ ፎቶ ቤቱ አልተመለሱም። ጋቢው እዚያ ወንበር ላይ አለ። ሳይመሽ ይደርሳል።»

ፎቶግራፈሩ ከወንበሩ ተነሳ። «ኦ! ጋሼ፣ በጣም ያምራል! ከጎን ሲታዩ እኮ ፊትዎ...»

«ቁጭ በል አንተ» አለው ደንበኛው። ሳቁ አልጠፋም፤ ግን ደርቋል። «እህቴ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ከባንክ ጋር የምሠራ ሰው ነኝ። ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ወላጅ ሁሉ ይተዋወቃል። ኤምባሲ የቪዛ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። በሰፈር ዕድር ዳኛ ነኝ፤ በሰንበቴም አለሁ። ጠመንጃ ታጥቄ በየሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ብሰቀል ሰው ምን ይለኛል?»

የመስከረሙን ገጽ ወደ ራሴ ስቤ፣ ከታች ያለውን መስመር ድምፄን ሳልለውጥ አነበብኩለት። «‘ጨዋ ባለመሣሪያ የአገር ሞገስ ነው’ ይልዎታል።»

ደንበኛው ስልኮቹን አንድ በአንድ ወደ ኪሱ ከተተ።

«ቀልደኛ ነሽ አንቺ» አለ። ከዚያም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ፣ «በፊት ያየሁት ገጽ ነው የሚታተመው። ነገ ጠዋት» ብሎ ወጣ።

ብዕሩ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። ወደ ሥራ አስኪያጁ ገፋሁት።

«እኔ አልፈርምም» አልኩ።

«ቲቸር፣ እኔም መፈረም እችላለሁ እኮ። ድርጅቱ የኔ ነው።»

«ትችላለህ። ከታች ያለውን ሰውዬ ጠዋት ጠዋት በር ሲከፍትልህ የምታየው ግን አንተ ነህ።»

እስከ ጠዋት ላስብበት አለ።

ስወጣ ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ። «ነገ ጠዋት ይታወቃል ጋሼ» ብቻ አልኩት። «አላህ ያውቃል» አለ፤ በሩንም እንደ ወትሮው በቀስታ ዘጋው።

ከወሎ ሰፈር መገናኛ፣ ከመገናኛ አያት በታክሲ ስሄድ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች በስልክ ላይ የሆነ ቪዲዮ እያዩ ይከራከሩ ነበር። በቪዲዮው ላይ አንድ ሰው በሰርግ ድንኳን መካከል ጠመንጃ ወደ ላይ አንስቶ ይጨፍራል። አንደኛው «ወንድ ነው!» ሲል፣ ሌላኛው «ወንድ ቢሆን ሚስቱን አስፈቅዶ ይወጣ ነበር? የኔ አጎት እኮ ነው፤ አውቀዋለሁ» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ደንበኛችን በዚያ ታክሲ ውስጥ ቢኖር ገጽታውን ሊያስከብርለት የፈለገው ሰው ምን ያህል የዘመዶቹ መሳለቂያ እንደሆነ በሰማ ነበር። እሱ ግን ታክሲ አይሳፈርም።

ያን ምሽት ቤቴ ስገባ የወጥ ቤቴን ካላንደር አየሁ። አበባ ነው፤ ከየት እንደተሰጠኝ እንኳ ከስሩ ካላነበብኩ አላስታውስም። ዓመት ሙሉ በየቀኑ አይቼው አላየሁትም ነበር። እንዲህ ያለ ካላንደር ማንንም ሰው አያስገድልም ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያም የዘበኛው ወንድም ትንሹ ልጅ ከብቶቹን ይዞ በየትኛው ደጅ እንደሚያልፍ ማሰብ ጀመርኩና ራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ማግስቱን ሐሙስ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ደረስኩ። ሥራ አስኪያጁ ቀድሞኝ ገብቷል። ብዕሩ ትናንት ገፍቼ ከተውኩት ቦታ አልተነካም።

«ደንበኛው ደወለ» አለኝ። «ገና ሳይነጋ ነው የደወለው። ሌሊቱን ሲያስብ ማደሩን ነገረኝ።»

ያሰበው ስለ ዘበኛው ወንድም አልነበረም። አንድ ሰው ወልድያ ላይ ቢጎዳ፣ ጠያቂ ሲመጣ ከገጹ ግርጌ የሚያነበው የማንን ድርጅት ስም እንደሆነ ነው ያሰበው። «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው የራሱ ጥያቄ አብሮት ቤቱ ገብቶ፣ አብሮት አድሮ ነበር። የዘበኛው ወንድም፣ መሐላው፣ የሟች እናት ልመና ያላንቀሳቀሱትን ሰው፣ የስሙ ጉዳይ ሌሊቱን አስቀምጦት አደረ። ልንቀው አልተቸገርኩም። ንቀቴ ግን ያን ጠዋት ለማንም አላስፈለገም።

በዚያ ጠዋት የተወሰነው ይህ ነው። ከአሥራ ሦስቱም ገጾች ላይ ሰው የተባለ ሁሉ፣ ጠመንጃ የተባለ ሁሉ ይውጣ። በምትካቸው ድርጅታችን ከዓመት ዓመት ለሁሉም ደንበኛ የሚሰጣቸው ምስሎች ይግቡ፤ ፏፏቴ፣ ዋልያ፣ ሐይቅ፣ ለመስከረም አደይ አበባ። መፈክሮቹ በሙሉ ይሰረዙ። በእነሱ ቦታ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚል የመልካም ምኞት መግለጫ ይግባ፤ ከሥሩ የጥይት ነጋዴው ድርጅት ስም። ደንበኛው በስልክ «በሰላም የምትለዋን ደመቅ አድርጓት» ብሏል።

አንድ ነገር እኔ ጨመርኩ። ፎቶግራፉ ከካሜራውም፣ ከፎቶግራፈሩ ስልክም፣ ከኮምፒዩተሩም ዘበኛው እያየ እንዲጠፋ ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ሳይከራከር ተስማማ፤ ራሱም ወርዶ ዘበኛውን በክንዱ ይዞ አመጣው።

ዘበኛው ከፎቶግራፈሩ ጀርባ ቆመ። ምስሉ በስክሪኑ ሙሉ ወጣ። ፎቶግራፈሩ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ፣ «ልሰርዘው አባባ?» አለ።

«ቆይ እስቲ» አለው። ጠጋ ብሎ ራሱን ለረጅም ጊዜ አየ።

«አምሮብኝ ነበር» አለ።

«በጣም እንጂ» አለ ፎቶግራፈሩ፤ ያን ጊዜ አልሳቀም።

«በል አጥፋው።»

ጠፋ። ዘበኛው ዱላውን ከግድግዳው አንስቶ ወደ በሩ ወረደ። እኔም አደይ አበባው ያለበትን ገጽ ስቤ፣ በጥጉ ላይ «ይታተም» ብዬ ፈረምኩ።